አይሶሌተሩ ጠፍቶም ኮረንቲ ያለበት ፓነል፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ

ሥራው ዛሬ ተጀመረ። ስምንት የመቆጣጠሪያ ፓነሎች አሉን፤ የፓምፕ፣ የማደባለቂያ፣ የማጓጓዣ ቀበቶ፣ የኮምፕሬሰር። ሁሉም ላይ 400 ቮልት ሦስት ፌዝ ይገባል፤ ውስጣቸው ደግሞ 230 ቮልትና 24 ቮልት ጎን ለጎን ተጠላልፎ ይኖራል። የተገጣጠሙት በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ሰው ነው። ስለዚህ አንዱን አውቀዋለሁ ማለት ሌላውን አውቀዋለሁ ማለት አይደለም።

ፓነል የሚከፍተው ኤሌክትሪሺያን ብቻ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። ግን በሩን የሚከፍቱት ብዙ ናቸው። ላፕቶፑን ፒኤልሲው ላይ፣ ማለትም ማሽኑን በፕሮግራም የሚያዝዘው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ፣ ሊሰካ የሚመጣ መሐንዲስ አለ፣ ሴንሰር የሚያስተካክል አለ፣ የማራገቢያውን ፊልተር የሚቀይር አለ። እነዚህ ሰዎች የየራሳቸውን ሥራ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ የፓነሉን ሆድ ዕቃ ግን ላያውቁት ይችላሉ። ሁሉም የሚተማመኑት በሩ ላይ ባለው ቀይና ቢጫ እጀታ ነው፤ የአይሶሌተሩ፣ ማለትም የፓነሉ ዋና ማጥፊያ፣ እጀታ ነው። እጀታው ከዞረ ፓነሉ ውስጥ ምንም የለም ብለው እጃቸውን ያስገባሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ መተማመን ነው። ስለዚህ ሥራውን በአንድ ጥያቄ ጀመርነው፦ እጀታው ጠፍቶ፣ ጓጉንቸር ገብቶበት፣ ውስጥ ምን ይቀራል? ጓንት ከመግዛታችንም ፖስተር ከመለጠፋችንም በፊት የዚህን መልስ ለእያንዳንዱ ፓነል በወረቀት ላይ እንፈልጋለን።

ማክሰኞ

ከመለካታችን በፊት በምን እንደምንለካ ተነጋገርን። እዚህ ጋ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጎዳው በመለኪያው ተሸውዶ ነው።

ሽቦ ላይ ጠጋ ሲያደርጉት የሚጮኸው እስክሪብቶ መሳይ መፈተሻ ኪስ ውስጥ ለመያዝ ደስ ይላል። ግን የሚያየው የኤሲን ኤሌክትሪክ መስክ ብቻ ነው። ዲሲ አያይም። ሽቦው ብረት ልባስ ካለው አያይም። ሲጮህ እመኑት፣ ዝም ሲል ግን ምንም አልነገራችሁም። እኛ ለመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ብቻ እንጠቀምበታለን፤ «ጠፍቷል» የሚለውን ፍርድ ግን አንሰጠውም።

ማልቲሜትር ይሻላል፣ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ትናንት አምፔር የለካ ሰው ሽቦውን አምፔር ሶኬት ላይ ትቶት ይሄዳል። ዛሬ ሌላው አንስቶ ቮልት ሊለካ ሁለት ፌዝ ላይ ያሳርፈዋል። በአምፔር ሶኬት በኩል ሜትሩ ማለት ቀጥ ያለ ሽቦ ማለት ነው፣ ስለዚህ ያ ሰው በእጁ 400 ቮልት ላይ ሾርት ሰራ ማለት ነው። ውስጡ ያለው ፊውዝ በአሸዋ የተሞላው፣ ትልቅ የሾርት ኮረንቲ መቁረጥ የሚችለው ዓይነት ከሆነ ይቆርጠዋል። ተራ የመስታወት ፊውዝ ከሆነ ግን ሜትሩ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የመሣሪያ ሳጥኖችን ከፍተን ሜትሮቹን አንድ በአንድ አየን። ትክክለኛው ፊውዝ ወጥቶ በመስታወት የተተካበት አግኝተናል፤ ወዲያው ከሥራ ወጣ።

ሜትሩም ሆነ ሽቦዎቹ ቢያንስ ካት 3 መሆን አለባቸው። ይሄ ምድብ ሜትሩ ስንት ቮልት እንደሚያነብ አይደለም የሚናገረው፤ በመስመሩ ላይ ድንገት የሚመጣውን ከፍተኛ የቮልቴጅ ዝላይ ችሎ እንደሚያልፍ ነው። 1000 ቮልት ተብሎ ተጽፎበት ምድቡ ካት 2 የሆነ ሜትር ለሶኬት ዕቃ እንጂ ለፓነል አይሆንም። የሽቦው ጫፍ ላይ ያለው ራቁት ብረትም ከ4 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ረጅም ራቁት ጫፍ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ተርሚናሎችን (ሽቦ የሚታሰርባቸውን ነጥቦች) በአንዴ ይነካል፣ ውጤቱም ሾርት ነው።

በመጨረሻ ለ«ጠፍቷል» ፍርድ የመረጥነው ባለሁለት ጫፉን የቮልቴጅ መፈተሻ ነው። የሚዞር ነገር የለውም፣ የአምፔር ሶኬት የለውም፣ ኤሲም ዲሲም ያሳያል። አንጋፋው ቴክኒሺያናችን እንዲህ አሉ፦ «የሚመረጥ ነገር በበዛ ቁጥር የሚሳሳተው ሰው ይበዛል።»

አሠራሩ ይሄ ነው። መፈተሻውን መጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለው በምናውቀው ቦታ ላይ እንሞክረዋለን። ከዚያ የምንሠራበትን እንለካለን። ከዚያ ተመልሰን የምናውቀው ቦታ ላይ እንደገና እንሞክረዋለን። ሦስተኛውን ሰው ይዘለዋል፣ ግን መፈተሻው መሐል ላይ ባትሪው አልቆ ወይም ሽቦው ተበጥሶ ቢሆን የምናውቀው በዚያ ብቻ ነው። ለሦስት ፌዝ መስመር የምንለካው 10 ጊዜ ነው፦ ፌዝ ከፌዝ ሦስት፣ ፌዝ ከኒውትራል ሦስት፣ ፌዝ ከኤርዝ ሦስት፣ ኒውትራል ከኤርዝ አንድ። ይበዛል የሚል ሰው ካለ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ረቡዕ

የፓምፕ ፓነል። መስመሩ ቆመ፣ እጀታው ዞረ፣ ሁለታችንም የየራሳችንን ጓጉንቸር አስገባን። የማስነሻውን ቁልፍ ተጫንን፣ ምንም አልተነሳም። በሩን ከፈትንና ተርሚናል በተርሚናል መለካት ጀመርን።

ጠፍቷል የተባለው ፓነል ውስጥ ያገኘነው ይሄን ነው። ከአይሶሌተሩ በላይ ያሉት ሦስቱ ገቢ ተርሚናሎች 400 ቮልት፤ ይሄ የሚጠበቅ ነው፣ አይሶሌተር የሚያጠፋው ከራሱ በታች ያለውን ብቻ ነውና። የፓነሉ መብራትና ሶኬት 230 ቮልት። የሞተሩ ማሞቂያ፣ ማለትም ሞተሩ ሲቆም ጠመዝማዛው እርጥበት እንዳይዝ የሚያሞቀው፣ 230 ቮልት፤ ከሌላ ቦታ ተመግቦ የሚመጣ ነው። ታች ጥግ ላይ የተቀመጠው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪ የሚመግብ መጠባበቂያ) መውጫው ላይ 230 ቮልት እያመረተ፤ መብራት ጠፋ ብሎ ሥራውን ጀምሯል። ድራይቩ፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች (ኮረንቲ አጠራቅመው የሚይዙ ክፍሎች) ገና እየፈሰሱ።

ከሁሉም የባሰው ተርሚናል 47 ነበር። ከቀሪዎቹ የመቆጣጠሪያ ተርሚናሎች ጋር በአንድ ረድፍ የተሰለፈ፣ ሽቦውም እንደ ጎረቤቶቹ ቀይ፣ ከ46ም ከ48ም የሚለየው ምንም ነገር የለም። መፈተሻውን አሳረፍን፤ 230 ቮልት። 46 ላይ ምንም የለም። 48 ላይ ምንም የለም። ስዕሉን ዘረጋን፣ ስዕሉ ላይ 47 የሚባለው ተርሚናል ጭራሹን የለም።

ሐሙስ

ቀኑ በሙሉ ተርሚናል 47ን ስንከተል ሄደ። ሽቦው በኬብል ትሪው ወጥቶ ማደባለቂያው ፓነል ውስጥ ይገባል። እዚያ የማደባለቂያው መቆጣጠሪያ ፊውዝ ይመግበዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፓምፑ ካልሠራ ማደባለቂያው እንዳይነሳ ተፈልጓል። ስለዚህ የማደባለቂያው 230 ቮልት ወጥቶ ወደ ፓምፕ ፓነል ይመጣል፣ በፓምፑ ኮንታክተር (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ረዳት ኮንታክት፣ ማለትም አብሮት በሚዘጋና በሚከፈት ትንሽ መገናኛ፣ በኩል ያልፋል፣ ተመልሶ ማደባለቂያው ጋ ይሄዳል። አሠራሩ በየቦታው ያለ ነው፣ በአሠራር ደረጃም ይሠራል። ግን የፓምፑን ፓነል ቆልፎ የገባ ሰው የማደባለቂያውን 230 ቮልት እጁ ላይ ያገኘዋል ማለት ነው። ፓምፑን ብቻ ቆልፏላ! ማደባለቂያውን ለምን ብሎ ይቆልፋል?

ቁጥሩን ላስቀምጥ። የሰው አካል የመቋቋም አቅም እንደ ቆዳው ርጥበትና እንደ ንኪኪው ይለያያል፣ ለስሌት ብዙ ጊዜ የሚያዘው 1000 ኦም ነው። 230 ቮልት በ1000 ኦም 230 ሚሊ አምፔር ነው። ኤሲ ኮረንቲ 1 ሚሊ አምፔር አካባቢ ሲሆን ይሰማል። ቻርልስ ዳልዚየል በፈቃደኞች ላይ በሠራው ምርመራ የያዙትን ሽቦ መልቀቅ የሚያቅትበት ልክ ለወንዶች በአማካይ 16 ሚሊ አምፔር፣ ለሴቶች 10.5 ሚሊ አምፔር ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ በላይ ጡንቻ ይጨመደዳል፣ እጅ አልለቅም ይላል። የልብ ምት የሚዛባበትም ልክ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ 230 ሚሊ አምፔር «ትንሽ ነዘረኝ» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። መቆጣጠሪያ ሽቦ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ፊውዙ 2 አምፔር ብቻ ነው እያለ የሚያጣጥል ሰው አጋጥሞኛል። 2 አምፔር እኮ 2000 ሚሊ አምፔር ነው፤ ያ ፊውዝ ሽቦውን ይጠብቃል እንጂ ሰውን አይጠብቅም።

ዓርብ

መፍትሔ ላይ ተወያየን። «ማስጠንቀቂያ እንለጥፍ» የሚል ሐሳብ ቀድሞ መጣ። እኔ አልተስማማሁም። ወረቀት ይወድቃል፣ ይቆሽሻል፣ በሽቦ ይሸፈናል። ማንሳት የሚቻለውን አደጋ መጀመሪያ እናንሳው፤ ማንሳት ያልቻልነው ላይ ሽፋን እናድርግ፤ ከሽፋኑ በኋላ ነው ወረቀቱ። አንጋፋው ቴክኒሺያናችንም በዚህ ቅደም ተከተል ተስማሙ።

ስለዚህ ከፓነል ወደ ፓነል የሚሻገር ምልክት ሁሉ በ24 ቮልት ዲሲ እንዲሆን ወሰንን። የማሽን ኤሌክትሪክ ስታንዳርዱ አይኢሲ 60204-1 በደረቅ ቦታ ሰፊ የአካል ንኪኪ በማይጠበቅበት ሁኔታ ለመከላከያ ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚያስቀምጠው ጣሪያ 25 ቮልት ኤሲ ወይም 60 ቮልት ዲሲ ነው። 24 ቮልት ዲሲ ከዚያ በታች በደንብ ይቀመጣል። የምንጩ አንድ ጫፍ ከኤርዝ ጋር ይታሰራል፣ ፓወር ሰፕላዩም 230 ቮልቱን ከ24ቱ በአስተማማኝ የሚለይ ዓይነት መሆን አለበት። እንደዚያ ካልሆነ ውስጡ ሲበላሽ 230 ቮልት 24 ቮልት መስሎ ወደ ጎረቤት ፓነል ይሻገራል።

ቀጣዩ ሳምንት፣ ሰኞና ማክሰኞ

ማደባለቂያው ፓነል ውስጥ ቀጭን ባለ24 ቮልት ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ቮልቴጅ ሌላ ሰርኪት የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ፣ ገባ። አሁን ወደ ፓምፕ ፓነል የሚሄደው 24 ቮልት ብቻ ነው። በፓምፑ ረዳት ኮንታክት ያልፋል፣ ተመልሶ ሪሌውን ያነሳል፣ ሪሌው ደግሞ እዚያው ማደባለቂያው ውስጥ 230 ቮልቱን ይቆጣጠራል። 230 ቮልቱ ከቤቱ አልወጣም። ተርሚናል 47ም ወደ ፓነሉ ታችኛ ጥግ ተዛወረ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ብርቱካናማ ሽቦ ለብሶ። አይሶሌተሩ ለማያጠፋቸው ሰርኪቶች ስታንዳርዱ የሚመክረው ቀለም ብርቱካናማ ነው። ቮልቴጁ አሁን ዝቅተኛ ቢሆንም ከውጭ የሚመጣ መሆኑ እንዲታወቅ ቀለሙን አልተውነውም።

አንድ ነገር እዚህ መጻፍ አለብኝ። ሥራው አልቆ ስንለካ ማንም የማይጠቀምበት የቆየ ኬብል አንድ ገመዱ ላይ ማልቲሜትሩ 80 ቮልት አሳየ። ከየት? ያ ኬብል በትሪው ውስጥ ከሌሎች ኮረንቲ ካላቸው ኬብሎች ጋር ረጅም መንገድ አብሮ ይሄዳል፤ በመካከላቸው ካፓሲተር እንዳለ ያህል ቮልቴጅ ይጋባበታል። ዲጂታል ማልቲሜትር የውስጥ መቋቋሚያው ብዙ ጊዜ 10 ሚሊዮን ኦም አካባቢ ስለሆነ ይሄን ደካማ ቮልቴጅ እውነተኛ አስመስሎ ያነበዋል። ዝቅተኛ መቋቋሚያ ባለው በባለሁለት ጫፉ መፈተሻ ስንለካው ወደ ዜሮ ወረደ። ግን «ጥላ ነው» ብሎ በግምት ማለፍ የለም! ዝቅተኛ መቋቋሚያ ባለው ተለክቶ ከጠፋ ብቻ ነው ጥላ የሚባለው። ያን ገመድ ሁለቱንም ጫፍ ኤርዝ ላይ አሰርነው።

ረቡዕ

ዩፒኤሱ ወጣ። የሚመግበው ፒኤልሲውንና አንድ ማሳያ ስክሪን ነው፣ ሁለቱም የሚሠሩት በ24 ቮልት ነው። 230 ቮልት አምርቶ፣ መልሶ በፓወር ሰፕላይ ወደ 24 ማውረድ ምን ይሠራል? በባለ24 ቮልት የባትሪ መጠባበቂያ ተካነው። አሁን መብራት ሲጠፋ ከዚህ መጠባበቂያ የሚቀረው 24 ቮልት ነው። ፒኤልሲው ፕሮግራሙን አላጣም፣ ቴክኒሺያኑም ከዚህ በኩል 230 አያገኝም።

የፓነሉን መብራትና ሶኬት ግን ማጥፋት አይቻልም፣ መጥፋትም የለበትም፤ አይሶሌተሩ ሲጠፋ ሰው በጨለማ ሊሠራ ነው። ስለዚህ የራሱ የሚቆለፍ ብሬከር ተሰጠው፣ 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ የልቅት መከላከያ ተገጠመለት፣ ሽቦው ብርቱካናማ ሆኖ በራሱ ቦይ ገባ። የልቅት መከላከያው ሁሉን እንደማይችል መታወቅ አለበት። ከሰው አካል ወደ ኤርዝ የሚሾልከውን ያያል። አንዱ እጅ ፌዝ ሌላው እጅ ኒውትራል ከያዘና ወደ ኤርዝ የሚሾልክ ነገር ከሌለ ግን፣ ለእሱ ያ ሰው ልክ እንደ አንድ አምፖል ነው። አይቆርጥም።

የሞተሩ ማሞቂያም እንደዚሁ የሚቆለፍ ብሬከርና ብርቱካናማ ሽቦ። ከዚህ በላይ የሚባል የለውም።

ሐሙስ

ከአይሶሌተሩ በላይ ያሉት ተርሚናሎች። እነዚህን ከላይ ካልጠፋ ማጥፋት አይቻልም፣ ስለዚህ መሸፈን ነው። ለዚህ ሥራ ብቻ ከላይ ከዋናው ቦርድ አጥፍተን፣ እዚያም ቆልፈን ነው የገባነው።

የጣት መከላከያ ስንል ልኩ የታወቀ ነው። አይፒ 2ኤክስ ማለት 12.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ድንቡልቡል ነገር የማያስገባ፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የመፈተኛ ጣትም ኮረንቲ ያለበትን ክፍል እንዳይነካ የሚያደርግ ማለት ነው። ከአምራቹ የሚመጣው ሽፋን የሚገጥምበትን ገዛን። ለአሮጌዎቹ አይሶሌተሮች የሚገጥም ስላልተገኘ ከፖሊካርቦኔት (ጠንካራ ፕላስቲክ) ቆርጠን ሠራን። በዓይን እያየን መለካት እንድንችል ጥርት ያለውን መረጥን፤ ለመፈተሻው ጫፍ ብቻ የምታህል ቀዳዳ በእያንዳንዱ ተርሚናል ፊት በትራፓኖ በሳን። ሽፋኑ የታሰረው በካቻቪቴ ብቻ በሚፈታ ብሎን ነው። በእጅ የሚፈታ ከሆነ አንድ ቀን ይፈታል፣ ተመልሶ አይገጠምም። ደግሞ ሽፋኑን ስትቆርጡ ከላይ ክፍት አትተዉት። ከላይ የወደቀች ሮንዴላ ወይም ዳዶ ሁለት ፌዝ ላይ ካረፈች እዚያው ነው ቃጠሎው።

ዓርብ

ድራይቮች። 400 ቮልት ኤሲ ወደ ዲሲ ሲለወጥ ጣሪያው 400 ሲባዛ በ1.414፣ ማለትም 565 ቮልት አካባቢ ነው። ይሄ ቮልቴጅ ካፓሲተሮቹ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቀመጣል፣ አይሶሌተሩ ከጠፋ በኋላም ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ስታንዳርዱ ኮረንቲው ከተቆረጠ በኋላ በ5 ሰከንድ ውስጥ ከ60 ቮልት በታች መውረድ አለበት ይላል፤ ይሄ ለማሽኑ ሥራ ካልተመቸ ግን ስንት መጠበቅ እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ የማይጠፋ ጽሑፍ ይደረግ ይላል። ድራይቮች ሁለተኛው ምድብ ውስጥ ናቸው። ሰውነታቸው ላይ ደቂቃው ተጽፏል፣ ግን ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ያለው ድራይቩ ጎን ላይ ነው። ጎን ለጎን ተጣብቀው ሲገጠሙ ማን ያየዋል?

ደቂቃውን በትልቁ ጽፈን በሩ ላይ፣ ከእጀታው ጎን ለጠፍነው። ሰው እጀታውን ሲያዞር እንዲያየውና ሰዓቱን ከዚያ እንዲቆጥር ነው። ሰዓቱ ሲያልቅም መለካት አለ፤ የዲሲ ተርሚናሎቹ ፕላስና ማይነስ መሐል። የሚያፈሰው ሬዚስተር ተቃጥሎ ከሆነ ደቂቃው ምንም አይነግራችሁም። የድራይቩ መብራት መጥፋቱም ማስረጃ አይደለም። የማሳያውን መብራት የሚያበራው ክፍል ቀድሞ ሊሞት ይችላል፣ ካፓሲተሩ ግን ገና ሙሉ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ሌላው በተደጋጋሚ የሚምታታው ነገር የአደጋ ማቆሚያ ቁልፍ ነው። ቀዩን እንጉዳይ ተጭኖ ፓነል ውስጥ የሚገባ ሰው አለ። ያ ቁልፍ ሞተሩን ያቆማል እንጂ ኮረንቲውን ከፓነሉ አያወጣም። ድራይቩ ላይ ያለው የማሽከርከር ኃይል ማቋረጫም እንደዚያው ነው፣ ሞተሩ እንዳይዞር ያደርጋል፣ ተርሚናሎቹ ላይ ግን አደገኛ ቮልቴጅ አለ። ለሁሉም ፈረቃ ሰዎች ፓነሉ ፊት ቆመን፣ ቁልፉን ተጭነን፣ ቮልቴጁን በመፈተሻው አሳየናቸው። በቃል ከነገርናቸው ይልቅ ይሄ ነው የገባቸው።

ሦስተኛው ሳምንት

ሰሞኑን በጣም ያስደሰተኝ የሥራው ክፍል ይሄ ነው። ጥያቄያችንን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞርነው፦ ሰው በሩን የሚከፍተው ለምንድን ነው? በየፓነሉ በር ላይ ወረቀት አንጠለጠልንና የከፈተ ሰው ሁሉ ምክንያቱን እንዲጽፍ ጠየቅን።

አብዛኛው ምክንያት በሩን መክፈት የማያስፈልገው ሆኖ ተገኘ። ላፕቶፕ ለመሰካት፣ የተቆረጠ ኦቨርሎድ (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲጫን የሚቆርጥ መከላከያ) ለመመለስ፣ የፒኤልሲው መብራት ቀይ ነው አረንጓዴ ለማየት፣ የድራይቩን የስህተት ቁጥር ለማንበብ። ስለዚህ እነዚህን ወደ ውጭ ማውጣት ጀመርን። በሩ ላይ ክዳን ያለው የኔትወርክ መሰኪያ ገባ፣ ጎኑ የላፕቶፕ ቻርጀር የሚሰካበት ባለ30 ሚሊ አምፔር መከላከያ ሶኬት አለ። የኦቨርሎዱን መመለሻ በበሩ በኩል በሚገፋ ዘንግ አወጣነው። የድራይቩ ማሳያ ተነቅሎ በገመድ በር ላይ የሚገጠም ዓይነት ስለነበር ወደ ውጭ ወጣ። ፒኤልሲው ፊት ለፊት ትንሽ መስኮት ተከፈተች።

አሁን የፕሮግራም መሐንዲሷ ወንበር ስባ፣ በር ሳትከፍት፣ ሥራዋን ጨርሳ ትሄዳለች። ለእሷ ጓንትም የራስ መከላከያም ከመስጠት ይሄ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ኮረንቲው ያለበት ቦታ ጭራሹን አትደርስም።

በሩ ላይ ሦስት የፌዝ መብራቶችም ገብተዋል። ሲበሩ ኮረንቲ አለ ማለት ነው። ሲጠፉ ግን አምፖሉ ተቃጥሎም ሊሆን ስለሚችል «መብራቱ ጠፍቷልና ሥራ» የሚል ውሳኔ የለም፤ ይሄን መብራቶቹ ሥር በጽሑፍ አስቀምጠነዋል።

በር ሲነሳ ኤርዙን ላንሳ። በሩ ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲገጠም የበሩ ብረት በማጠፊያው በኩል ኤርዝ አለው ተብሎ አይታለፍም። ማጠፊያው ቀለም አለው፣ ቅባት አለው፣ ይለቃል። የተጎነጎነ የመዳብ ገመድ ከበሩ ወደ ፓነሉ አካል አሰርን፤ ቀለሙን ፍቀን፣ ጥርስ ባለው ሮንዴላ፣ ዳዶውን አጥብቀን። ሁለት በሮች ላይ ገመዱ ነበረ፣ ግን በቀለም ላይ ታስሮ ነበር። ዓይን ያያል፣ ኮረንቲ አያልፍበትም። ሁሉንም ለክተን መዝግበናል።

ሦስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ

ጓጉንቸሮቹ መጡ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ቁልፉም አንድ ብቻ። ትርፍ ቁልፍ የለም፣ ሁሉን የሚከፍት ቁልፍ የለም። ለብሬከሮችና ለፊውዝ መያዣዎች የሚገጥሙ መቆለፊያዎችም አሉ። ብዙ ሰው አንድ ፓነል ላይ ሲሠራ ዋናው ቁልፍ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ሳጥኑን ሁሉም በየራሱ ጓጉንቸር ይቆልፈዋል። የመጨረሻው ሰው ካላነሳ ፓነሉ አይነሳም።

ተቃውሞ ነበር። «የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ለሁለት ደቂቃ መስመር አላቆምም» የሚል። አንጋፋው ቴክኒሺያናችን መለሱለት፦ «ልጄ፣ ካቻቪቴህን አስቀምጥና ስማኝ። ሁለት ደቂቃ ያልከው ለአንተ ነው። ኮረንቲው ግን ሰከንድ አይፈልግም።» ከዚያ ስለ አርክ ነገሩት፣ እኔም ልጨምርበት።

ሾርት ሲፈጠር በአየር ውስጥ የሚነደው አርክ ንዝረት ብቻ አይደለም። ሙቀት ነው፣ የቀለጠ መዳብ ነው፣ የግፊት ሞገድ ነው። ለቆዳ ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ መነሻ ተብሎ የሚያዘው ልክ በካሬ ሴንቲ ሜትር 1.2 ካሎሪ ነው። የሚለቀቀው ኃይል አርኩ በቆየ ቁጥር ይጨምራል፣ ስለዚህ ብሬከሩ የሚቆርጥበት ፍጥነት የሰውን ቆዳ ይወስናል። የብሬከሮቻችንን ማስተካከያ በዚህ ምክንያት ነው እንደገና ያየነው፤ ያለ ምክንያት ወደ ላይ የተገፉትን አወረድን። ፖሊስተር ሸሚዝ ደግሞ ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ፓነል ፊት አይለበስም። ትልቅ እጀታ ሲበራም ሲጠፋም ከፓነሉ ፊት ለፊት አይቆምም፣ ወደ ጎን ነው።

ኮረንቲ ያለበት ፓነል ውስጥ የፈቀድነው መለካት ብቻ ነው። ሽቦ መፍታት የለም። ብሎን ማጥበቅ የለም። ሽቦ መጨመር ፈጽሞ የለም።

አራተኛው ሳምንት

የፓምፕ ፓነሉን እንደ መጀመሪያው ቀን ከላይ እስከ ታች ደግመን ለካን። የቀረው ይሄ ነው፦ ገቢ ተርሚናሎቹ፣ ተሸፍነዋል። መብራቱና ማሞቂያው፣ ብርቱካናማ ናቸው፣ ይቆለፋሉ። ድራይቩ፣ ደቂቃው ተጽፎ። የቀሩት የውጭ ምልክቶች በሙሉ 24 ቮልት። ስዕሉ ታርሞ በሩ ውስጥ ኪስ ተሠርቶለት ገብቷል፣ ተርሚናል 47 ስዕሉ ላይ አለ። ይህን ዝርዝር በሩ ላይ በአንድ ወረቀት ለጥፈናል፦ «እጀታው ሲጠፋ የሚቀር ኮረንቲ» ይላል፣ ከየት እንደሚመጣና የት እንደሚቆለፍም ይናገራል።

ማደባለቂያውና ማጓጓዣዎቹ በዚሁ መንገድ እየሄዱ ነው። ያላለቀው የኮምፕሬሰሩ ነው። እዚያ የኮረንቲ መለኪያ ትራንስፎርመሮች አሉ፤ ትልቁ ኬብል መሐላቸው ያልፋል፣ ከእነሱ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ በር ላይ ወዳለው የአምፔር ሜትር ይሄዳል። ሞተሩ እየሠራ ያ ቀጭን ሽቦ ከሜትሩ ቢፈታ ትራንስፎርመሩ የሚሄድበት መንገድ ያጣል፣ ክፍት ጫፎቹ ላይ ቮልቴጁ እጅግ ከፍ ይላል፤ ሰውም ይገድላል፣ ትራንስፎርመሩንም ያቃጥላል። ከሜትሩ በፊት ሁለቱን ጫፍ በተንሸራታች ማገናኛ አንድ ማድረግ የሚቻልባቸው ተርሚናሎች ያስፈልጋሉ። ተርሚናሎቹ ደርሰዋል፣ የሚገቡት ግን ኮምፕሬሰሩ ሲቆም ነው። እስከዚያ የሜትሩን ጀርባ በፖሊካርቦኔት ዘግተን በብሎን አስረነዋል፤ ማቆሚያው ቀን ተቆርጦ እስኪነገረን ያ ሽፋን አይፈታም።